በእጅ የተቀባ የሸክላ ሳህን አያያዝ፦ ዲሽ ዋሸር ይገባል? ወጥ ይቀርብበታል?

ሰማያዊ_ሳህን

ሰላም ለሁላችሁም። የሳህን ጥያቄ ነው፣ አትሳቁብኝ። እህቴ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ተሳልማ ስትመለስ በእጅ የተቀቡ የሸክላ ሳህኖች አመጣችልኝ። ዝርግ ሳህኖች፣ ጎድጓዳ የሾርባ ዕቃዎች፣ አንድ ደግሞ ለስድስት ሰው እንጀራ የሚችል ሰፊ ሳህን አለ። መደቡ ነጭ ነው፣ ላዩ ላይ ሰማያዊና ቱርኩዝ፣ የወይን ሐረግ፣ ወፎች፣ ሚዳቋ። ከአሮጌው ከተማ ከአርመኖች ሱቅ ገዛሁት ብላኛለች። ከጀርባው በእጅ የተጻፈ ፊርማ አለው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤት ውስጥ ዕቃ የማጥበው እኔ ብቻ አይደለሁም። ባለቤቴ ያገኘውን ሁሉ ዲሽ ዋሸር ውስጥ ይከታል፣ አማቴ ደግሞ በብረት ሽቦ ካልተፈተገ ዕቃ ታጠበ አትልም። ስለዚህ ሕግ ማውጣት አለብኝ። ማሽን ይገባል ወይ? ማይክሮዌቭስ? ዶሮ ወጥ ብናቀርብበት በርበሬው ይይዘዋል? ደግሞ አንዷ ጓደኛዬ "ቀለሙ እርሳስ፣ ያ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ ሊኖረው ይችላል፣ ለልጆች እንዳታቀርቢበት" ብላ አስፈራራችኝ። የምታውቁ ንገሩኝ።

ቡፌ_ጠባቂ

መልሱ አጭር ነው። ቡፌ ውስጥ አስቀምጪው፣ ቆልፊው፣ ቁልፉን ደብቂው። የእናቴ ሳህኖች ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግዳ እየጠበቁ ነው። የሚመጥናቸው እንግዳ እስካሁን አልመጣም 😂

ጭቃ_በእጄ

ቡፌ ጠባቂ ይቅርታ አድርግልኝና ይሄ ምክር ዕቃውን ለመስታወት መግዛት ነው። ሳህን የሚሠራው ሊበላበት ነው።

ቶሮንቶ ውስጥ የሸክላ ስቱዲዮ ነው የምሠራው። እህቴ፣ ማሽን ይገባል አይገባም ከማለትሽ በፊት አንድ ነገር እወቂ። ሥዕሉ ያለው ከግሌዙ በታች ነው ወይስ በላይ? ግሌዝ የምለው ያንን የሚያብረቀርቀውን መስታወት መሰል ሽፋን ነው። ደግሞም በእርግጥ መስታወት ነው፣ በእሳት ቀልጦ ሸክላው ላይ የተጣበቀ። የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አንደኛው ዓይነት ሥዕሉ ሸክላው ላይ ተስሎ ከላዩ ብርሃን አሳላፊ ግሌዝ ይቀባና አብሮ ይተኮሳል። ቀለሙ ከመስታወቱ ሥር ነው፣ ስፖንጅሽ አይነካውም። የኢየሩሳሌም አርመኖች በተለምዶ የሚሠሩት ይህንን ነው። ሁለተኛው ገና ያልተተኮሰ ነጭ ግሌዝ ላይ ተስሎ ሲተኮስ ቀለሙ ወደ ግሌዙ የሚሰርገው ነው። የጣልያኖቹ የደሩታና የፋየንዛ ማዮሊካ፣ የሜክሲኮው የፑዌብላ ታላቬራ እንደዚህ ናቸው። እነዚህም ጠንካሮች ናቸው።

ችግር ያለው ሦስተኛው ነው። ሳህኑ ተተኩሶ፣ ግሌዙ አልቆለት፣ ከዚያ በላዩ ላይ ይቀባና እንደገና በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ይተኮሳል። ወርቅማ ጠርዝ ያለው ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። ምሳሌ ከፈለግሽ ቤትሽ ያለውን ሲኒ አውጪ። ያ ወርቃማ ቀለበት ያለው፣ አበባ ያለበት፣ ከጊዜ በኋላ አበባው ግማሽ የሚሆነው። ቀለሙ ላይ ላዩን ስለሆነ ነው እየታጠበ የሚሄደው።

እንዴት ትለዪዋለሽ? መስኮት አጠገብ ሂጂና ሳህኑን አዘንብለሽ ብርሃኑ ሲንሸራተትበት እዪ። ቀለም ያለበትም የሌለበትም ቦታ እኩል ካብረቀረቀ ከታች ነው። ቀለሙ ደብዘዝ ካለ ወይም በጣትሽ ስትዳስሺው ከፍ ካለ ከላይ ነው። ቀላል ነው።

ሰማያዊ_ሳህን

አሁኑኑ አየሁት። እኩል ነው የሚያብረቀርቀው። በጣትም ምንም አይሰማም። ሰማያዊው ወፈር ብሎ የተቀባበት ቦታ ግን ትንሽ ጎበጥ ያለ ይመስላል፣ ግን ለስላሳ ነው።

ጭቃ_በእጄ

ልክ ነው፣ ወፍራም ቀለም ከግሌዙ ሥር ሆኖም ጎበጥ ይላል። ለስላሳና አንጸባራቂ ከሆነ አትጨነቂ።

ግን ከታች ነው ማለት ማሽን ይግባ ማለት አይደለም። የዲሽ ዋሸር ሳሙና ከእጅ ሳሙና የተለየ ነው፣ አልካላይነቱ ኃይለኛ ነው፣ ውኃው በጣም ይሞቃል፣ ጊዜውም ረጅም ነው። የመጠጥ ብርጭቆ ማሽን ውስጥ ውሎ አድሮ ጉም የለበሰ የሚመስለው ለዚህ ነው። ግሌዝም መስታወት ነው አልኩሽ። በአንድ ቀን አይታይም፣ በዓመታት ግን ብርሃኑ ይጠፋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሳህን ከሳህን ሲጋጭ ጠርዙ መሸረፉ ነው።

ሌላው ሸክላው ራሱ ነው። እንዲህ ያሉ የተቀቡ ዕቃዎች ብዙዎቹ ከ1000 እስከ 1150 ዲግሪ ድረስ የሚተኮስ ለስላሳ ሸክላ ናቸው። ውስጡ ቀዳዳ አለው፣ ውኃ ይጠጣል። ፖርሰሊን ከ1250 በላይ ስለሚተኮስ አይጠጣም። ሳህንሽን ገልብጪውና የሚቀመጥበትን ክብ እግር እዪ። እዚያ ጋ ግሌዝ ከሌለው ውኃ የሚገባው በዚያ ነው። ስለዚህ ዘፍዝፈሽ አታሳድሪው። የጠጣው ውኃ ግሌዙን ከሥር ይወጥረዋል፣ ቀጫጭን ስንጥቅም ያወጣል። ማይክሮዌቭም እንደዚሁ፣ ውኃ የጠጣ ሸክላ ከምግቡ በፊት ራሱ ይግላል። ሳህኑ እየፈጀሽ ምግቡ ቀዝቃዛ ከሆነ ማይክሮዌቭ አይሆነውም ማለት ነው። ወርቅ ያለው ከሆነ ደግሞ ጭራሽ እንዳታስቢው፣ ብልጭታ ያወጣል።

አስተጣጠቡ፦ ለብ ያለ ውኃ፣ ተራ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ስፖንጅ። ሲንኩ ብረት ወይም ድንጋይ ከሆነ ከሥሩ ፎጣ አንጥፊ። ቀለበትሽን አውልቂ። አማትሽን አደራ፣ ሽቦው ግሌዙን ይጭረዋል፣ የተጫረ ቦታ ደግሞ ቆሻሻ ይይዛል፣ ቆሻሻ ሲይዝ የበለጠ ይፈተጋል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ቀጥታ ምድጃ፣ ከምድጃ ወጥቶ ቀዝቃዛ ውኃ፣ እነዚህን እርሻቸው። ካጠብሽው በኋላ በደንብ አድርቀሽ፣ እግሩ ጋ እርጥበት ካለ አየር እንዲያገኘው አቁመሽ አሳድሪውና ከዚያ ደርድሪ።

የኢየሩሳሌም_ጎረቤት

እኔ እዚሁ ኢየሩሳሌም ነው የምኖረው፣ ስለ ዕቃው ታሪክ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ተሳላሚ ምን እንደገዛ ሳያውቅ ነው ይዞ የሚሄደው።

ይህ ጥበብ የመጣው ከኩታህያ ነው፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ካለችው ከተማ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ኢየሩሳሌምን ከያዙ በኋላ የቁበት አስ-ሰኽራ፣ ያ ትልቁ ጉልላት ያለው የእስልምና ቅዱስ ሕንፃ፣ የግድግዳ ሰድሮች ተጎድተው ስለነበር ዴቪድ ኦሃኔሲያን የሚባል የኩታህያ አርመናዊ ባለሙያ ለጥገናው ተጠራ። እሱም ከአርመኖች እልቂት የተረፈ ስደተኛ ነበር። ከዚያው ከኩታህያ የባሊያንና የካራካሺያን ቤተሰቦች ተከተሉ። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1922 ከኦሃኔሲያን ተለይተው የራሳቸውን መሥሪያ ቤት ናብሎስ መንገድ ላይ ከፈቱ። የሰድሩ ጥገና እንደታሰበው አልሆነም፣ የሳህኑና የጽዋው ሥራ ግን ቀጠለ፣ መቶ ዓመት አለፈው። በአሮጌው ከተማ ግድግዳ ላይ ያሉት በሦስት ቋንቋ የተጻፉ የመንገድ ስም ሰድሮች ብዙዎቹ የእነዚህ ቤተሰቦች እጅ ናቸው። የወፉና የሚዳቋው ሥዕል ከአካባቢው የጥንት ሞዛይኮች የተወሰደ ነው። ኢያሪኮ አጠገብ በሂሻም ቤተ መንግሥት ያለው የዛፉና የሚዳቋዎቹ ሞዛይክ በተለይ ይደጋገማል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ገበያው ውስጥ የሚሸጠው ሁሉ በእጅ የተቀባ አይደለም። የታተመ ሥዕል ተለጥፎ የሚተኮስ ሞልቷል። አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር እዩት። ሕትመት ከሆነ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ፣ ወይም የሥዕሉ ጠርዝ የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል። በእጅ ከሆነ ጥቁሩ መስመር አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይቀጥናል፣ ቀለሙ ከመስመሩ ትንሽ ይወጣል። ሁለት ሳህን ጎን ለጎን አድርጉ። ሁለቱ ወፎች ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆኑ የማሽን ልጆች ናቸው። ሕትመት መጥፎ ነው አልልም፣ በእጅ ሥራ ዋጋ አትግዙት ነው የምለው።

ቡፌ_ጠባቂ

አርመንና ኢየሩሳሌም ከተነሳ አርባ ልጆች ሳይነሱ አይታለፍም እንግዲህ። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ሄደው አርባ ወላጅ አልባ አርመኖች አምጥተው የማርሽ ባንድ ያቋቋሙት። ከዚያው ከአርመን ገዳም ነው ያገኟቸው። አንዱ ሳህን ቢይዝ ኖሮ ዛሬ የአዲስ አበባ ሳህን ይኖረን ነበር።

አወያይ

ቡፌ ጠባቂ፣ ለታሪክ ሌላ ክር አለ። ወደ ሳህኑ እንመለስ።

ቁጥር_ወዳጅ

የእርሳሱን ጉዳይ እኔ ልውሰደው፣ ሙያዬ ላብራቶሪ ነው።

እርሳስ (ሊድ) ግሌዝ ውስጥ የሚገባው በምክንያት ነው። ግሌዙ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ ያደርጋል፣ ያንጸባርቀዋል፣ ቀለሙን ያደምቀዋል። ለዚህ ነው በብዙ አገር ለዘመናት የተሠራበት። በደንብ ተቀምሞ በደንብ ከተተኮሰ እርሳሱ መስታወቱ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ቅመማው ወይም እሳቱ ካነሰ ግን አሲድ ያለው ምግብ ያወጣዋል። በተለይ መዳብ ያለበት አረንጓዴ ቀለም ከእርሳስ ግሌዝ ጋር ሲገናኝ መውጣቱን ያባብሰዋል።

ጥያቄው እርሳስ አለው ወይ ብቻ አይደለም፣ ይለቃል ወይ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ምርመራው ዕቃው ውስጥ 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ ማለት ኮምጣጤ የሚያህል፣ ለ24 ሰዓት አቆይቶ የወጣውን መለካት ነው። ወሰኑ ለዝርግ ሳህን በሚሊ ሊትር 3 ማይክሮግራም፣ ለትናንሽ ጎድጓዳ ዕቃ 2፣ ለትላልቆቹ 1፣ ለኩባያና ለማንቆርቆሪያ 0.5 ነው። ኩባያው ላይ ለምን ይጠብቃል? ቡናም ጭማቂም አሲድ ነው፣ ትኩስ ሆኖ ይቆይበታል፣ ሰውም በየቀኑ ይጠጣበታል።

አሁን የእኛን ማዕድ አስቡት። እንጀራ የቦካ ነው፣ አሲድ አለው። ቲማቲም ስልስ አሲድ ነው። ሰላጣችን ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አለው። አዋዜ፣ እርጎ፣ ሁሉም። ፈረንጅ ሳህኑ ላይ ድንች አስቀምጦ በሩብ ሰዓት ይበላል፣ እኛ እርጥብ እንጀራ ሳህኑ ላይ አንጥፈን ወጥ አፍስሰን ሁለት ሰዓት እንጨዋወታለን፣ የተረፈውን ሸፍነን እናሳድረዋለን። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ የተቀባ ሳህን ላይ እንጀራ ከመዘርጋታችን በፊት መጠየቅ አለብን።

ምን ታደርጊ? ሻጩን ወይም ሠሪውን በጽሑፍ ጠይቂ፣ ፊርማ ካለው ማግኘት አይከብድም። ለምግብ ይሆናል ወይ፣ እርሳስ የለሽ ግሌዝ ነው ወይ በይው። አሜሪካ ውስጥ ለጌጥ ብቻ የሆነ እርሳስ የሚለቅ ሴራሚክ ለምግብ እንደማይሆን የሚናገር የማይለቅ ጽሑፍ እንዲኖረው ይጠበቃል፣ በሻንጣ የመጣ ዕቃ ላይ ግን ጽሑፉ አለመኖሩ ምንም አያረጋግጥም። ሱቅ የሚሸጡት በጥጥ የሚነኩ ቶሎ መመርመሪያዎች ይሳሳታሉ። ቀይ ካሳየሽ ለምግብ ማቅረቡን አቁሚ፣ ምንም ካላሳየሽ ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም። የሚታመነው ምርመራ የላብራቶሪ ነው። ማፍላት፣ በሎሚ መዘፍዘፍ፣ ደጋግሞ ማጠብ እርሳሱን አያጠፋውም፣ ግሌዙን ነው የሚጎዳው።

ልጆች ካሉሽ ነገሩ ይጠነክራል፣ ምክንያቱም በልጅ ደም ውስጥ አይጎዳም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። ጥርጣሬ ካለሽ የልጆቹን ሐኪም የደም እርሳስ ምርመራ ጠይቂ። ቀላል የደም ምርመራ ነው።

ሰማያዊ_ሳህን

እንጀራው አሲድ መሆኑን በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር። እህቴ የሱቁን ካርድ ይዛለች፣ ዛሬ ኢሜይል እጽፋለሁ። እስከዚያ ዳቦና ኬክ ብቻ።

ጭቃ_በእጄ

ቁጥር ወዳጅ ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳው። አንድ ልጨምር። ዛሬ አብዛኛው ጥሩ ስቱዲዮ እርሳስ የለሽ ግሌዝ ነው የሚጠቀመው፣ ስለዚህ ሁሉን መፍራት አይገባም። የምጠራጠረው በጣም አሮጌ ዕቃ፣ ሠሪው የማይታወቅ፣ ግሌዙ ዱቄት መሳይ የለቀቀ፣ ወይም ካጠቡት በኋላ ግራጫ አቧራ የሚያወጣ ነው። ያ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

እትዬ_ጀበና

ልጆች፣ እኔ እንደናንተ በዲግሪና በማይክሮግራም አላውቅም። እናቴ ቀጨኔ ሸክላ ትሠራ ነበር፣ እኔም እጄ ጭቃ ነክቷል። አንድ ነገር ሳትሉ አታልፉ። የእኛ ሸክላ ይህ ግሌዝ የምትሉት ነገር የለውም። ስለዚህ ይህን ምክር ወስዳችሁ ጀበናና ድስት ላይ እንዳታውሉት።

አዲስ ሸክላ ድስት ይሟሻል። ታጥቦ ይደርቃል፣ ውስጡ ዘይት ይቀባል፣ በቀስታ እሳት ይሞቃል፣ እየመጠጠ ሲሄድ እንደገና ይቀባል። ምጣድ ከሆነ በጎመን ዘር ነው የሚሟሸው፣ ተወቅጦ እስኪጠቁር ይታሻል። ጀበና ሲሆን የቡና አተላ ተጨምሮበት ደጋግሞ ይፈላል፣ የጭቃው ሽታ እስኪጠፋና ውኃ ማንጠባጠቡን እስኪተው። አተላው ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

ሲገዛ ደግሞ ይንኳኳል። ጥርት ያለ ድምፅ ካለው ደህና ነው፣ ደንቆሮ ድምፅ ካለው ስንጥቅ አለበት። ለናንተም ሳህን ይሠራል ይሄ።

ሳሙና ጀበና ውስጥ አይገባም! ሸክላው ይጠጣዋል፣ ቡናው ላይ ይመልስላችኋል። ሙቅ ውኃ፣ መንቀጥቀጥ፣ ገልብጦ ማድረቅ። አተላ አይደር። ባዶ ጀበና እሳት ላይ አይጣድ። የጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይፈስ፣ ከፈሰሰ ገል ነው የምትለቅሙት። ማቶት ላይ አስቀምጡት፣ ሥሩ ክብ ስለሆነ።

ጭቃ_በእጄ

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ። ይህን ስቱዲዮ ውስጥ ለተማሪዎች እነግራቸዋለሁ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ እዚህ የመስታወት ገጽ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጀበና ሲጣድ ሥሩ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ይግላል፣ ብዙ ሰው ይሰነጠቅበታል። በመሐል የብረት ሙቀት ማከፋፈያ አድርጉ እላለሁ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

እትዬ_ጀበና

ደግ ነው። እኛ ከሰል ስንጠቀም እሳቱ ዙሪያውን ያቅፈዋል፣ ያንተ ምድጃ ግን ከሥር ብቻ ነው። እሳቱን ዝቅ አድርጎ መጀመር ነው። ሰው ችኩል ሆኗል፣ ጀበና ችኮላ አይወድም።

ዱባይ_ያለሁት

እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ስትመጣ በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀባ ጀበና አመጣችልኝ። በጣም ያምራል፣ ያብረቀርቃል። ቡና ላፍላበት ወይስ ይሰነጠቃል? ሲሞቅ መጥፎ ሽታ አለው።

እትዬ_ጀበና

ልጄ አውርጂው! እሱ የግድግዳ ቀለምና ቫርኒሽ ነው፣ ለቱሪስት ነው የሚቀባው።

ጭቃ_በእጄ

እትዬ እንዳሉት። ይሄ ከመጀመሪያው ከነገርኳችሁ ከሦስቱም ውጭ ነው። ጀበናው ከተተኮሰ በኋላ ሱቅ በሚገዛ ቀለም ተቀባ፣ ከዚያ እሳት አላየም። ሽታው ቀለሙ ሲቃጠል ነው፣ መስኮት ክፈቺ። ጌጥ ይሁን። ለቡና ያልተቀባ ጥቁር ወይም ቡናማ ጀበና ግዢ። የተቀባውን ስታጸጂ ዘፍዝፈሽ ሳይሆን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፊ።

የኢየሩሳሌም_ጎረቤት

የወለቃ ሸክላም እንደዚሁ ነው። ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ የመጡ ትናንሽ ምስሎች፣ አንበሳ፣ የሰንበት ምግብ የያዙ ሴቶች፣ እዚህ እስራኤል ውስጥ ብዙ ቤተ እስራኤል ቤት መደርደሪያ ላይ አለ። ውኃ አታስነኩት። አንገትና እጅ ላይ በቀላሉ ይሰበራል፣ ስታነሡት ከሥሩ ያዙት።

በርበሬ_ነኝ

ማንም የበርበሬውን አልመለሰም! የእኔ ነጭ ሳህን ቢጫ ሆኗል፣ አልጫ ነው ያደረገው እንጂ ቀይ ወጥ አይደለም። በረኪና ላፍስበት?

ጭቃ_በእጄ

በረኪናውን ተወው። ስንጥቅ ካለበት ገብቶ ይቀራል፣ ወርቅና የላይ ቀለም ካለበት ያበላሻል።

ግሌዙ ጤነኛ ከሆነ በርበሬም እርድም ላይ ላዩን ነው የሚይዙት። የእርድ ቢጫ ዘይት ስለሚወድ መጀመሪያ በሳሙና ቅባቱን አውጣ፣ ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውኃ ለውሰህ በጣትህ በቀስታ እሸው፣ ታጥበህ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው። የእርድ ቀለም ፀሐይ ይፈራል፣ ይደበዝዛል። ወርቅ ላይ ሶዳውን አታስነካ፣ ያፍቀዋል።

ቢጫው በቀጫጭን ስንጥቆች መስመር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግሌዙ ተሰንጥቆ ቀለሙ ሸክላው ውስጥ ገብቷል። 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ ያ ፋርማሲ የሚሸጠው፣ ውስጥ ብታቆየው ያነጣዋል፣ ስንጥቁን ግን አይደፍነውም። እንዲህ ያለው ሳህን ቅባትና ፈሳሽ ይጠጣል፣ ጀርምም ይደበቅበታል። እርጥብ ምግብ አታቅርብበት። ፍራፍሬ ከነልጣጩ ይችላል።

አንዳንዱ ሰው "ሳህኔ ተጫረ" እያለ ግራጫ መስመር ያሳየኛል። ያ ብዙ ጊዜ ጭረት አይደለም። ማንኪያው ነው ብረቱን ግሌዙ ላይ ጥሎ የሄደው። ኦክሳሊክ አሲድ ባለው የማጽጃ ዱቄት፣ ባር ኪፐርስ ፍሬንድ የሚባለው ለምሳሌ፣ በእርጥብ ጨርቅ ቀለል አድርገህ ብታሸው ይለቃል። በደንብ አለቅልቀው። ወርቅ ላይ እሱም አይሆንም።

በርበሬ_ነኝ

በመስመር ነው። ሳህኑ ላይ ሙዝ ይቀመጥበታል እንግዲህ 😅

ሰማያዊ_ሳህን

መልስ መጣ! ሱቁ እርሳስ የለሽ ግሌዝ ነው፣ ለምግብ ይሆናል፣ በእጅ እጠቡት ብሎ ጻፈልኝ። ማሽን ቢገባም አይሰበርም ግን አንመክርም ይላል። ሰፊው ሳህን ላይ ግን አንድ ነገር አየሁ፣ ጠርዙ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሽርፍራፊ። በመንገድ ነው መሰለኝ። በሱፐር ግሉ ልጠግነው?

ቁጥር_ወዳጅ

ጽሑፉን አስቀምጪው፣ ደስ ይላል። ሽርፍራፊው ግን ግሌዝ የሌለው ጥሬ ሸክላ ነው፣ ውኃም ምግብም ይገባዋል፣ ስለት ካለው ከንፈርም ይቆርጣል።

ጭቃ_በእጄ

ሱፐር ግሉም ተራ ኤፖክሲም ለምግብ የተሠሩ አይደሉም፣ ሙቅ ውኃም ይለቅቃቸዋል። የተጣበቀ ጀበና ወይም ኩባያ እጀታማ ጨርሶ አትመኑት፣ ፈልቶ እያለ እጃችሁ ላይ ነው የሚለቀው። የተጠገነ ዕቃ የጌጥ ዕቃ ነው። ያንቺ ጠርዙ ላይ ብቻ ከሆነ ሰፊው ሳህን ለደረቅ ነገር ይሁን፣ ለዳቦ፣ ለቆሎ፣ ለፈንዲሻ። እንዲያውም ለቡና ቁርስ የሚያምረው እሱ ነው። ሌሎቹ ላይ ወጡን ብሉ።

ቡፌ_ጠባቂ

አሁን ከምር ልናገር። አደራደሩን ማንም አላለም። ሳህን በሳህን ላይ ስትደረድሪ የላይኛው ሻካራ እግር የታችኛውን ሥዕል ይፍቀዋል። በየመሐሉ ናፕኪን ወይም ቁራጭ ጨርቅ አድርጊ፣ የጋዜጣ ወረቀት ግን ቀለም ይለቃል። ሲኒ በሲኒ ላይ አይደረብ። በእጀታ አይሰቀል። ከብዙ ክምር ሥር ያለውን ጎትተሽ አታውጪ፣ ከላይ አንሺ። ሠላሳ ዓመት ቡፌ ስጠብቅ የተማርኩት ይሄ ነው።

ሰማያዊ_ሳህን

ቡፌ ጠባቂ አመሰግናለሁ፣ አንተም ቁም ነገር አለህ ለካ 😄 እህቴ በመስከረም ትመለሳለች፣ የቀረውን ስብስብ ታምጣልኝ። እንዳይሸራረፍ እንዴት ትጠቅልለው?

የኢየሩሳሌም_ጎረቤት

ሱቁ እንዲያሽገው ትጠይቅ፣ ለመንገደኛ ማሸግ ያውቃሉ። ካልሆነ እያንዳንዱ ሳህን ለብቻው በአረፋ ፕላስቲክ ይጠቅለልና ካርቶን ውስጥ በጎኑ ይቁም። ተኝቶ ከተደረደረ የላዩ ክብደት የታችኛውን ይሰብረዋል። ካርቶኑን ስትነቀንቀው ምንም እንዳይንቀሳቀስ በልብስ ትሙላው። ከቻለች በእጅ ሻንጣ፣ ካልቻለች ከትልቁ ሻንጣ መሐል ላይ፣ ዙሪያውን በፎጣ፣ ከመንኮራኩሩ በኩል ራቅ አድርጋ። ነጠላ ካላት ነጠላም ይሆናል።

ጭቃ_በእጄ

ጎድጓዳዎቹን አንዱን ባንዱ ውስጥ ከከተተች በመሐላቸው ወፍራም ካልሲ ትጨምር። ባዶው ሆዳቸውም ይሞላ፣ ባዶ ሆድ ያለው ሸክላ ነው ቶሎ የሚሰበረው። ቤት ሲደርስ ከክረምት ብርድ ወጥቶ ከሆነ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ፣ ከዚያ በኋላ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ።